ቃሉ ሳይጠፋ ጨዋታው ሲጠፋ፤ አስተሳሰባዊ የተግባቦት እክል ምንድን ነው?

አንጎሉ ከተጎዳ ሰው ጋር አምስት ደቂቃ ያወራ እንግዳ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ይመለሳል። ቃላቱ አልጠፉም፣ ዓረፍተ ነገሩም ይገጥማል። አብረውት የሚኖሩት ግን ሌላ ነገር ያውቃሉ። የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ይዘላል፣ የነገራቸውን መልሶ ይነግራቸዋል፣ ሲቀልዱበት የምሩን ይቆጣል፣ በሰው ፊት የማይባለውን ይላል። ባለሙያዎች ይህን አስተሳሰባዊ የተግባቦት እክል ይሉታል።

ከአፌዥያ ጋር መምታታት የለበትም። አፌዥያ ቋንቋው ራሱ ሲጎዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስትሮክ የግራውን የአንጎል ክፍል ሲመታ ይከሰታል፤ ታማሚው የሚፈልገውን ቃል ያጣል፣ ወይም የሰማው ንግግር አይገባውም። እዚህ ግን የሚጎዱት ቋንቋን የሚሸከሙት ችሎታዎች ናቸው፦ ትኩረት፣ ትውስታ፣ የማሰብ ፍጥነት፣ ራስን መግታት። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ጭንቅላት በኃይል ሲናጥ፣ የአንጎል የፊተኛው ክፍልና በጆሮ በኩል ያሉት ክፍሎች ሸካራ ከሆነው የራስ ቅል የውስጥ ወለል ጋር ይጋጫሉ። የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮችም ይለጠጣሉ፤ አንዳንዶቹ ይበጠሳሉ። የፊተኛው ክፍል «ይህን አሁን ልበል ወይስ ልተወው?» ብሎ የሚመዝነው ነው። ክሮቹ ሲጎዱ ደግሞ የሰሙትን ማብላላትና መልስ ማሰናዳት ይዘገያል።

እንዲህ ያለውን እክል እንደ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያጋልጠው ነገር ጥቂት ነው። አሥር ሰዎች በሚጽፉበት የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ሦስት ወሬዎች በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ከጽሑፉ ሥር የተቀመጠችው ትንሽ የሳቅ ምልክት ሐሳቡን ሁሉ ትገለብጣለች። አውስትራሊያዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስካይ ማክዶናልድ ባልደረቦቿን ይዛ ሰው የተነገረውን ከቃሉ አልፎ መረዳቱን የሚለካ፣ በቪዲዮ የሚሰጥ ፈተና አዘጋጅታለች። ተዋንያን አንዱን ንግግር አንዴ ከልብ፣ አንዴ በአሽሙር ይናገሩታል። ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ብዙ ሰዎች ከልብ የተባለውን ይረዳሉ፣ በአሽሙሩ ላይ ግን ይሰናከላሉ። በእኛ አነጋገር ሰሙን ሰምተው ወርቁ ያመልጣቸዋል ማለት ነው። ይህ የሆነው የተናጋሪው ፊትና ድምፅ እያለ ነው፤ ባዶ ጽሑፍ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

መግታት ሲያቅት የሚመጣውም ጣጣ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በንዴት የተጻፈ ቃል ከመለጠፉ ገና ሰው ሁሉ አይቶታል። በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ የሚጽፍ፣ ለማያውቀው ሰው የቤቱን ገመና የሚዘረዝር፣ መልስ ሲዘገይበት ተጨማሪ አሥር መልእክት የሚልክ ሰው ጓደኞቹን ቀስ በቀስ ያጣል። ለምን እንደራቁት የሚነግረውም የለም። በዚህ ብቸኝነት ውስጥ ነው «የኔ ፍቅር» እያለ የሚጽፍ አጭበርባሪ የሚደርሰው። የመመዘን ችሎታው ለተዳከመ፣ ለዚያውም ከጉዳቱ በኋላ የሚያዋራው ሰው ላጣ፣ በየቀኑ «እንዴት አደርክ?» የሚለውን ሰው መጠርጠር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ቤተሰብ ስልኩን ይቀማል። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ገንዘብ ሲወጣና ስም ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ግን ስልኩን መቀማት እክሉን አያክመውም፤ ይልቁንም ለዚህ ሰው የሚበጀውን አንድ ነገር አብሮ ይወስድበታል። ይህም ጊዜ ነው። ፊት ለፊት በሚደረግ ጨዋታ መልስ በቅጽበት ይጠበቃል። አንጎሉ የዘገየበት ሰው የሚለውን እስኪያገኝ ወሬው አልፎታል፤ ስለዚህ ወይ ዝም ይላል ወይ ያለፈውን ያነሣል። የጽሑፍ መልእክት ግን ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ ተጽፎ ይሰረዛል፣ የረሳ ሰው ወደ ላይ መልሶ ያያል። መንዳት ላቆመ፣ ሥራውን ለለቀቀ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች የሚያገኝበት በር ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ድካሙ ግን እውነት ነው። ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚመጣ ድካም እንደ ሥራ ድካም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ አይለቅም፤ ማብቂያ የሌለው ገጽ፣ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ፣ የማያቋርጥ የመልእክት ማሳወቂያ ያባብሰዋል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ12 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 125 ቀላል የአንጎል መናጥ የደረሰባቸው ወጣቶች ተከታትሎ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከስክሪን የራቁት አማካዩ በ3.5 ቀን ሲያገግሙ ያልራቁት 8 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ጥናቱ ስለ ሁለት ቀን እንጂ ስለ ዕድሜ ልክ አይናገርም፤ ከጉዳቱ ዓመታት በኋላ ስልክ ለመንጠቅ ማስረጃ አድርጎ መጥቀሱ ስሕተት ነው።

ከመከልከል ይልቅ ማሠልጠን ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች ሥራ ጀምረዋል። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንጎል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ጋር ሆነው ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም በነጻ የሚሰጥ የበይነመረብ ኮርስ አዘጋጅተዋል። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚያለማምዳቸውም ነገሮች ሲያዩዋቸው ተራ ይመስላሉ፦ የማሳወቂያ ድምፆችን ማጥፋት፣ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚገባበትን ሰዓት መወሰን፣ በንዴት የተጻፈውን ሳይለጥፉ አስቀምጦ በማግስቱ ማንበብ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ለአንድ የሚታመን ሰው ማሳየት።

አስቸጋሪው ታማሚው ራሱ ችግሩን የማያይበት ጊዜ ነው። ራስን መታዘብም ጉዳቱ ከሚወስዳቸው ችሎታዎች አንዱ ነውና «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል፤ ከልቡ ነው። በአፍ የተበላሸ ወሬ ከሆነ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም። የተጻፈው ግን እዚያው ስልኩ ላይ አለ። ባለሙያውና ታማሚው ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ላይ እያሸጋገሩ ያነቡታል፣ ሌሎቹ ዝም ያሉበትን መልእክት እስኪያገኙ ድረስ።