በኢትዮጵያ ቆላና በረሃ ሐሩርን የመቋቋም ልማድ

በኢትዮጵያ ብርቱ ሙቀት በሁሉም ቦታ በአንድ ወቅት አይመጣም። ደገኛው «ክረምት» ሲል ዝናብ፣ ጭቃና ብርድ ማለቱ ነው፤ አፋሩ ግን በዚያው በሰኔና በሐምሌ የዓመቱን ከባድ ሐሩር ይቀበላል። በጋምቤላ ሙቀቱ የሚበረታው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ በሁመራና በመተማ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በነባሩ አከፋፈል ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር የማይሞላው ምድር በረሃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ ይባላል። የአገሪቱ የሥራ ሰዓት፣ የትምህርት ዘመንና የቤት አሠራር በአብዛኛው የተቀረጹት በደጋና በወይና ደጋ ኑሮ ልክ ስለሆነ፣ የቆለኛው ሙቀትን የመቋቋም ዕውቀት ከሚገባው በታች ሲታይ ኖሯል።

አማርኛው ራሱ ሁለት ዓይነት ሙቀት ይለያል፤ አየሩ ደርቆ የሚያቃጥለው ሐሩር፣ እርጥበት አዝሎ የሚያፍነው ደግሞ ወበቅ ይባላል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የአየሩ ሙቀት ከሰው ቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ፣ ገላ ሙቀቱን የሚያወጣበት ዋናው መንገድ የላብ ትነት ይሆናል። በሐሩር ላቡ ወዲያው ስለሚተን ሰውየው ማላቡን ሳያውቅ ውሃውና ጨዉ ያልቃል፤ በወበቅ ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ ስለማይተን ገላ አይቀዘቅዝም። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ሰው መቀባጠር ወይም ራሱን መሳት ሲጀምር ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ነውና ወደ ጥላ አግብቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ገላውን በውሃ እያራሱና እያራገቡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

የደረቁ ሐሩር ዋና አገር አፋር ነው። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ዓመታዊ አማካዮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ቁጥሩ ሌሊቱንና «ቀዝቃዛ» የሚባሉትን ወራት ጨምሮ የተሰላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከዳሎል ብዙም በማይርቀው በአሳሌ የጨው ሜዳ፣ ሠራተኞች የጨዉን ቅርፊት በዘንግ እየፈነቀሉ፣ ሌሎቹ እየጠረቡ አሞሌ ያወጣሉ። ሥራው ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይዋ ከአናት ከዞረች በኋላ ብዙ አይዘልቅም፤ የተጫኑት ግመሎችም ወደ ሐመድ ኤላና ወደ በርሃሌ መንገድ ይጀምራሉ። በዓመቱ ብርቱ ሐሩር ወራት ሥራው በእጅጉ ይቀዘቅዛል። ነጩ ሜዳ ፀሐይን መልሶ ከታች ስለሚያንጸባርቅ ሠራተኛው ራሱንና ፊቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያስቀረው።

የአፋር አርብቶ አደር ቤት ለሐሩር የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀጫጭን እንጨቶች ጎብጠው እንደ ጉልላት ይታሰሩና በላያቸው ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ይለብሳሉ። ሰሌኑ ፀሐይን ይከለክላል፤ በስፌቱ መካከል ግን ነፋስ ያሳልፋል፤ የነፋሱ አቅጣጫ ሲለወጥ ደግሞ በዚያ በኩል ይገለጣል። እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ የቀኑን ግለት አምቆ ሌሊት የሚተፋ ነገር የለበትም። ቤቱን የሚሠሩት፣ የሚያፈርሱትና በግመል የሚጭኑት ሴቶች ናቸው፤ ከውጭ ሲያዩት ደካማ ቢመስልም ውስጡ ሲገቡ የሚሰማው ልዩነት የሠሪዋን ሙያ ይመሰክራል። በሶማሌ ክልል «አቃል» የሚባለውም የዘላን ቤት በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው።

ለበረሃ ሰው ከጥላ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወሬ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ዳጉ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የትኛው መንገድ ሰላም ነው የሚለው ሁሉ በውስጡ ይነገራል። በ45 ዲግሪ ሙቀት ወደ ደረቀ ጉድጓድ መጓዝ ሞት ሊሆን ስለሚችል፣ ዳጉን በትክክል ማስተላለፍ እንደ ትልቅ ግዴታ ይቆጠራል። በሶማሌ ክልል ደግሞ ውሃው ራሱ ከፀሐይ ይጠበቃል፤ «ቢርካ» የተባለው በሲሚንቶ የተለበጠ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ውሃው እንዳይተን ብዙ ጊዜ በእንጨትና በቅጠል ይከደናል። ጅላል የሚባለው ረጅሙ ደረቅ ወቅት ሲመጣ ሰዉ በግመል ወተትና በዚህ ውሃ ይሻገራል።

ውሃን ማቀዝቀዝም የራሱ ጥበብ አለው። የቆዳ መያዣና የሸክላ እንስራ ጥቂት እያዠ ስለሚተን ውስጡ ያለው ውሃ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ይኸው ዘዴ ዛሬ በፕላስቲክ ዕቃ ቀጥሏል። ከአዋሽ በሚሌ አድርጎ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ሃይላንዱን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በካልሲ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያንጠለጥለዋል፤ ጨርቁ ሲደርቅ መልሶ ያረጥበዋል። በየቤቱም ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። መብራት በሌለበት አገር ከዚህ የሚሻል ማቀዝቀዣ የለም።

ድሬዳዋ የከተማ ቆለኛ አኗኗር የተደራጀባት ቦታ ናት። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ የከዚራ ሠፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች በዛፍ ጥላ የተሸፈኑና ቤቶቹም ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው ሆነው ተሠርተዋል። የከተማው ቀን ለሁለት የተከፈለ ነው። ገበያው በማለዳ ይደምቃል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ግን ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ወንዱ ሽርጥ አገልድሞ፣ ሴቷ ስስ ድሪያ ለብሳ ቤት ውስጥ ያርፋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ እንደገና ነፍስ ይዘራል፣ ሐባብና የሎሚ ጭማቂ ይቀርባል፣ ጨዋታው እስከ ምሽት ይዘልቃል። ይህን እረፍት የደገኛ እንግዳ ስንፍና አድርጎ ሲተረጉመው መስማት የተለመደ ነው፤ ትርጉሙ ግን ስህተት ነው። የሚሠራው ሥራ ያው ነው፤ የተዛወረው ሰዓቱ ብቻ ነው። በሞቃት ሌሊትም ብዙ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ወይም አልጋ አውጥቶ ያድራል።

ደጅ ማደር ግን በየቦታው ያው ዋጋ የለውም። ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ሙቀቱ ስለሚከብዳቸው ሌሊቱን በግራር ሥር ወይም በእርሻው መካከል ያድራሉ። በዚያ አገር የሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈርና የዛፉ ዙሪያ ደግሞ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ማደሪያ ነው። ዝንቧ ከትንኝ ታንሳለች፣ የምትነድፈውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። በሽታው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መመንመንና የጣፊያ ማበጥ አስከትሎ ካልታከመ ይገድላል። ወባም በዚያው አለች። ከሙቀት የሸሸው ሰው ወደ ዝንብ የሚሄደው ምርጫ አጥቶ በመሆኑ፣ «ደጅ አትደሩ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም፤ ለሠራተኛው አየር የሚያገኝ መጠለያና በኬሚካል የተነከረ አጎበር ማቅረብ የእርሻው ባለቤት ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ጋምቤላ የወበቅ አገር ናት። ከተማዋ በባሮ ወንዝ ዳር 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ይመጣል። መፍትሔው ወንዙና ዛፉ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የማንጎና የኒም ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ሲመሽ መታጠብ። በኑዌሮች ዘንድ ማታ የሚጨሰው የከብት ኩበት ትንኝን ስለሚያባርር ሰውም ከብቱም በጢሱ ዙሪያ ያድራል።

ጥላ ፍለጋ የተወሰደ እርምጃ ሌላ ጉዳት ያመጣበትም ጊዜ አለ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ አፋር የገባው በረሃማነትን እንዲከላከልና ጥላ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ከብቱ ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየሄደበት ሲበትን፣ በአዋሽ ዳር ያለውን ሰፊ ግጦሽ ወርሶ አርብቶ አደሩን ከመሬቱ ገፋ።

ከሁሉም በላይ የቆለኛውን ቤት የለወጠው ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ይመልሳል፣ ምስጥ አይበላውም፣ የኑሮ መሻሻል ምልክትም ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ቢመርጡት አይፈረድባቸውም። ሆኖም ኮርኒስ የሌለው ዝቅተኛ የቆርቆሮ ጣሪያ እኩለ ቀን ላይ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል። ቬንትሌተር ሊያግዝ ይችላል፤ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን የጋለ አየር በገላ ላይ እየነዳ ሙቀቱን ሊያባብስ ይችላል፤ ኤሲ ደግሞ መብራትና ገንዘብ ይፈልጋል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ከሥሩ ሰሌን ወይም ኮርኒስ መዘርጋት፣ በትይዩ መስኮት መክፈትና ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት በአነስተኛ ወጪ የሚቻሉ ናቸው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በትምህርት ቤት ነው። ረጅሙ የትምህርት እረፍት የደጋውን ዝናብ ተከትሎ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲሆን፣ የጋምቤላ ተማሪ ግን የካቲትንና መጋቢትን፣ የሰመራና የሎጊያ ተማሪም ግንቦትን ክፍል ውስጥ ያሳልፋል። ስድሳ ልጆች በተቀመጡበት የቆርቆሮ ክፍል ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መምህሩ የሚጽፈውን የሚከታተል ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ደብተራቸውን ማራገቢያ አድርገውታል። ክፍለ ጊዜውን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ከሐሩሩ በፊት መጨረስ የድሬዳዋ ነጋዴና የአሳሌ ጨው ጠራቢ ቀድመው የሚያውቁት አሠራር ነው።