ሞደሬተር ምንድን ነው? ያለ ደመወዝ ሕግ የሚያስከብሩ ሰዎች ሥራ

ሰው የበዛበት የኢንተርኔት መወያያ ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ከደቂቃ በፊት የነበረ መልእክት ድንገት የለም። ሲሳደብ የነበረው ሰውዬ ድምፁ ጠፍቷል። የጦፈ ክርክር ተቆልፎ ከሥሩ «ይበቃል» የሚል አጭር ጽሑፍ ተቀምጧል። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የኩባንያ ሠራተኛ አይደለም። ከአባላቱ አንዱ ነው። ቴሌግራም ላይ አድሚን፣ በየርዕሱ የተከፋፈሉ መወያያዎች ባሉት ሬዲት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሞደሬተር፣ ዊኪፒዲያ ላይ አስተዳዳሪ ይሉታል። ደመወዝ የለውም። ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ ስልኩን ከፍቶ የሰው ጭቅጭቅ ያነባል።

ብዙ ሰው የሞደሬተር ሥራ ማጥፋትና ማባረር ይመስለዋል። ቁልፉ በእጁ ስለሆነ ያሻውን ያደርጋል ብሎ ያስባል። እርግጥ ቁልፉ አለው። ግን ቁልፉ ብቻውን የትም አያደርስም። መቶ ሺህ ሰው ያለበትን ግሩፕ አምስት ስድስት ሰው በማባረር ብዛት ሊገዛው አይችልም። ሕግ የሚከበረው አባላቱ «ይህን ብጽፍ ምን ይገጥመኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን አስቀድመው ሲያውቁት ነው። የሞደሬተር ትልቁ ድካም ያ መልስ ዛሬም ነገም፣ ለወዳጅም ለባዳም አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 ሁለት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሰቡትና በ1980 ሥራ የጀመረው ዩዝኔት፣ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ሳይመጣ ሰዎች በየርዕሱ ተከፋፍለው የሚወያዩበት መረብ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከቡድኖቹ አንዳንዶቹ ሞደሬተር ነበራቸው። የሚጻፈው ነገር መጀመሪያ በኢሜይል ለሞደሬተሩ ይደርሰዋል። እሱ አንብቦ ይለቀዋል ወይም ያስቀረዋል። በዚህ መንገድ ቆሻሻ አይገባም። ሰውየው ከታመመ ግን ውይይቱም አብሮት ይተኛል። ዛሬ አብዛኛው ቦታ ተቃራኒውን መርጧል። ሰው ይጽፋል፣ ወዲያው ይታያል፣ ችግር ካለበት ኋላ ይነሳል።

በ1997 የተጀመረው የቴክኖሎጂ ዜና ገጽ ስላሽዶት ሌላ ነገር ሞከረ። የአስተያየቱ ብዛት ከጥቂት ሰው አቅም በላይ ሲሆን ሥልጣኑን ለተራ አንባቢዎች ቆራርሶ አካፈለ። ተራው የደረሰው አንባቢ አምስት ነጥብ ይሰጠዋል። በነጥቡ የአንዱን አስተያየት ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ያደርጋል። ካልተጠቀመበት ይቃጠልበታል። አስተያየቶቹ ከኔጋቲቭ 1 እስከ 5 ውጤት ይይዛሉ፤ አንባቢም ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን እንዳያይ መምረጥ ይችላል። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሌላውን ደንብ ነው። በአንድ ክርክር ላይ ነጥብ ሰጥቶ ተመልሶ ራሱ አስተያየት ከጻፈ፣ እዚያ የሰጠው ነጥብ ይሰረዝበታል። ተከራካሪም ዳኛም መሆን የለም።

ሞደሬተሩ ጥፋቱን በምን ያውቃል? ሁሉንም መልእክት የሚያነብ ሰው የለም። ዋናው ዓይን የአባላቱ ነው። ያልጣማቸውን ነገር ሪፖርት ያደርጋሉ፣ ሪፖርቶቹም አንድ ገጽ ላይ ይጠራቀማሉ። ከዚያ ደግሞ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ አለ። ሬዲት ላይ አውቶሞደሬተር የሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ አንድ ተጠቃሚ የሠራው ነበር። በ2015 የሬዲት የራሱ መሣሪያ ሆነ። ቦት አይደክመውም፣ አይተኛም። ግን ነገር አይገባውም። አንድ የስድብ ቃል ከከለከላችሁት፣ ተሳዳቢውንም «እንዲህ ብሎ ሰደበኝ» ብሎ የሚከሰውንም እኩል ያነሳቸዋል። ስለዚህ ብልህ የሆነ ቡድን ቦቱን የሚያሠራው የማያከራክረውን ነገር ነው፦ አሥር ጊዜ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ የታወቀ የማጭበርበሪያ ሊንክ፣ ገና አሁን ተከፍቶ ሊንክ የሚረጭ አካውንት። የሚያጠራጥረውን ለሰው ያቆየዋል።

የሚከብደው ያ ለሰው የሚቆየው ነው። አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ሪፖርት ገባ፤ ምክንያቱ «ስድብ» ይላል። መልእክቱ ሲከፈት ይህ ነው፦ «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ባትሪ የምታውቀው ነገር የለም። ዝም ብትል ያምርብሃል።» ስድብ ነው? ንቀት አለበት። ግን «ኧረ ይታለፍ» የሚልም አይጠፋም። ልምድ ያለው ሞደሬተር እዚህ ላይ አይወስንም። ወደ ላይ ያነባል። አራት መልእክት ከፍ ብሎ ሪፖርት ያደረገውን ሰው ራሱን ያገኘዋል፤ «እንዲህ የምትለው ደደብ ስለሆንክ ነው» ብሎ ጽፏል። ቀጥሎ የሌላ ሰው «ኧረ ተረጋጉ» አለ። ነገሩ ተገለበጠ። ጠቡን የጀመረው ከሳሹ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? የተከሰሰውን ብቻ ቢያነሳ፣ ቀድሞ ለከሰሰ ፈረደ ማለት ነው። ከሳሹን ብቻ ቢቀጣ ነገ ሰው ሪፖርት ማድረግ ይፈራል። ሁለቱንም ዝም ቢላቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ጠቡ ውስጥ ይገባል። እኔ የተሻለ የሚመስለኝ ይህ ነው። የሁለቱንም ዘለፋ ያነሳል። በመሃል ስለ ባትሪ የተጻፈውን ጠቃሚ ነገር አይነካም። ከዚያ ለሁለቱም ለየብቻ በውስጥ መስመር ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት ግን የኋላ ታሪካቸውን ያያል። አንደኛው በዚህ ወር ሲያጠፋ ሦስተኛው ከሆነ የሚጻፍለት ነገር ይለያል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁለት መልእክት ጠፋ፣ በቃ።

ታሪክ የሚታየው ቅጣት ደረጃ ስላለው ነው። መጀመሪያ ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ለጥቂት ቀን ዝም ማሰኘት፣ መጨረሻ ላይ ጨርሶ ማስወጣት። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች በጋራ የሚያስተዳድሩትን የመስኖ ውኃ፣ ደንና የዓሣ ማስገሪያ ስታጠና ኖራ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልማለች። ለረጅም ዘመን ሳይፈርሱ በቆዩት ማኅበራት ዘንድ ካገኘቻቸው የጋራ ባሕርያት አንዱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ያጠፋ ሰው ቀለል ያለ ቅጣት ያገኛል፣ ከደጋገመ ይከብድበታል። ኢንተርኔት ላይ ይህ የበለጠ እውነት ይመስለኛል። አዲስ አካውንት መክፈት በነጻ ነው። ሳያውቅ ያጠፋን ሰው በመጀመሪያው ቀን ባን ካደረጋችሁት፣ በሌላ ስም ቂም ይዞ ይመለሳል።

ደረጃ የማይጠበቅለት ጥፋትም አለ። የሰውን ስልክ ቁጥርና አድራሻ የለጠፈ፣ የዛተ፣ ሊንክ የሚረጭ ቦት ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም። በቀጥታ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ማንንም ሳይቀጡ ነገር ማብረድ ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ የሚባለው ሲበራ እያንዳንዱ አባል አንድ መልእክት ከላከ በኋላ ሌላ ለመላክ መጠበቅ አለበት። አድሚኑ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ድረስ መምረጥ ይችላል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ለመጠበቅ የተገደደ ተናዳጅ፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ሊያጠፋው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚሠራው ግን ሕጉን ማሳየት ነው። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። በ2016 ናታን ማቲያስ የተባለ ተመራማሪ በሬዲት ትልቁ የሳይንስ መወያያ ላይ ከሞደሬተሮቹ ጋር ሆኖ ሙከራ አደረገ። በዕጣ ከተመረጡ ውይይቶች አናት ላይ ሕጉን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተሰካ፤ ሌሎቹ ላይ አልተሰካም። ማስታወቂያው ባለበት፣ አዲስ ገቢዎች ሕጉን የማክበር ዕድላቸው 8 ፐርሰንት ነጥብ ያህል ከፍ አለ። የሚገርመው ሌላው ነው። የአዲስ ገቢዎች ተሳትፎ በአማካይ 70 በመቶ ጨመረ። ሕግ ማንበብ ሰውን ያስደነግጣል ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ሰው የሚፈራው ምን እንደሚገጥመው ሳያውቅ መግባቱን ነው።

መልእክት ሲነሳም ያው ነው። «ሕግ ስለጣስክ ተነስቷል» የሚል ጽሑፍ ለአባሉ ምንም አይነግረውም። የቱን ሕግ? የቱ ቃል? «ክርክርህ ላይ ችግር የለም። ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ሰውየውን ስለዘለፍከው አንስቼዋለሁ፣ ሕግ ቁጥር 3ን እይ። እሱን አውጥተህ መልሰህ መለጠፍ ትችላለህ» ቢለው ግን ሰውየው መንገድ አገኘ። ሞደሬተሮች ይህን የማይጽፉት ስለማይፈልጉ አይደለም፣ ጊዜ ስለሌላቸው ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ መልሶች የሚያስቀምጡት።

ሕጉ ራሱም ጥሩ ሆኖ መጻፍ አለበት። «ጨዋ ሁኑ» ምኞት እንጂ ሕግ አይደለም። የዊኪፒዲያን ሕግ ተመልከቱ። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን እርማት ሽሮ ገጹን በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ነበረበት ከመለሰ ሊታገድ ይችላል። ይቆጠራል። ማንም አይቶ ሊመሰክር ይችላል። እርግጥ ብልጣብልጥ አይጠፋም፤ በየቀኑ ልክ ሦስት ጊዜ ብቻ የሚመልስ። ለዚህም ሕጉ ሦስት ጊዜ የመመለስ መብት እንዳልሰጠ እዚያው ተጽፏል፤ ልማድ ካደረገው ሳይደርስበትም ሊታገድ ይችላል።

ሞደሬተሩንስ ማን ይጠብቀዋል? ቁልፍ ሲያገኝ የሚያብጥ ሰው አለ፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ዊኪፒዲያ ላይ አስተዳዳሪዎች በራሳቸው ጠብ ውስጥ ሥልጣናቸውን እንዳይጠቀሙ ይከለከላሉ፣ ያገዱትና ያጠፉት ነገርም ሁሉም ሰው በሚያየው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ካልተስማሙ ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ የግልግል ኮሚቴ አለ። ቴሌግራም ላይ አድሚኖች እርስ በርስ ያደረጉትን ማየት ይችላሉ፣ ግን ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ። በብዙ ቦታ ደግሞ አቤቱታ ሲመጣ ቅጣቱን የሰጠው ሰው ሳይሆን ሌላው እንዲመልስ ይደረጋል። ቀላል ደንብ ነው፣ ግን ብዙ ግሩፕ ያድናል። እኔ የማልወደው አንድ መሣሪያ በድብቅ ማፈን ነው፤ ሰውየው ይጽፋል፣ ለራሱ ይታየዋል፣ ለሌላው አይታይም። ማስታወቂያ ለሚረጭ ቦት ጥሩ ነው። ለሰው ግን ነውር ነው፤ ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም።

የክፍያውን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2022 የወጣ ጥናት የሬዲት ሞደሬተሮች ሁሉም ተደምረው በቀን ቢያንስ 466 ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ዋጋውም በዓመት ቢያንስ 3.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ገምቷል። ከዚያ በፊት ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ ውይይት የሚመሩለት በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። በ1999 የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች «ሠራተኞች ነበርን» ብለው ከሰሱት፤ ጉዳዩ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በሰኔ 2023 ደግሞ ሬዲት ሌሎች የሠሯቸውን የሬዲት መጠቀሚያ አፖች ሊያስከፍል ሲነሳ፣ ሞደሬተሮች በሺዎች የሚቆጠሩ መወያያዎችን በተቃውሞ ዘጉ። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያቀሉላቸው መሣሪያዎች በእነዚያ አፖች ላይ ነበሩ። ኩባንያው ካልከፈታችሁ እንተካችኋለን አላቸው። ቤቱን የሚጠርጉት እነሱ፣ የቤቱ ባለቤት ሌላ።

የእናንተ መልእክት ቢነሳባችሁስ? አደባባይ ላይ «አድሚን ተብዬው» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቅጣት ያመጣል። በሌላ አካውንት መመለስም የባሰ ነው፤ ቅጣትን ማምለጥ በራሱ ጥፋት ስለሆነ መጀመሪያ ሦስት ቀን የነበረው ለዘለቄታ ይሆናል። አንድ ቀን ቆይታችሁ፣ ለሞደሬተሮቹ ቡድን አንድ አጭር መልእክት ላኩ። ጥያቄውም «ለምን አጠፋችሁብኝ?» ሳይሆን «የቱን ሕግ ነው የጣስኩት?» ይሁን። ሞደሬተሮችም ይሳሳታሉ፤ እንዲህ የጠየቀ ሰው መልእክቱ ሲመለስለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።