ደቢያን እና የፕሮሰሰር ዓይነቶች፦ የሶፍትዌር አለመጣጣም

ደቢያን በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ፣ በሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና ነው። በ1993 ሲመሠረት (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚሠራው በኢንቴል 386 ዝርያ ፕሮሰሰሮች ላይ ብቻ ነበር። የ1998ቱ 2.0 ዕትም የሞቶሮላን 68000 ቤተሰብ ጨመረ፤ በ1999 አልፋና ስፓርክ፣ በ2000 አርምና ፓወርፒሲ ተከተሉ። በ2002 የወጣው 3.0 በ11 የፕሮሰሰር ዓይነቶች ላይ ይሠራ ነበር። ይህን ሸክም የተሸከሙት በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

በአንድ ፕሮሰሰር ላይ በደህና የሚሠራ ፕሮግራም በሌላው የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው የራሱን ማሽን ጠባይ ሳያውቀው እንደ ሕግ ስለወሰደው ነው። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ፊደል የሚያዝበት «ቻር» ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በኢንቴል ማሽን ላይ ቻር ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ በአርምና በፓወርፒሲ ሊኑክስ ላይ ግን ከ0 እስከ 255። ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም መጨረሻው ላይ ሲደርስ -1 ይመለስለታል። መልሱን በቻር ከያዘው በኢንቴል ላይ -1 እንደሆነ ይቆያል፣ ፕሮግራሙም ያቆማል። በአርም ላይ ግን ቁጥሩ 255 ይሆናል፤ 255 ደግሞ ከ-1 ጋር መቼም እኩል አይሆንም። ፋይሉ አልቋል፣ ፕሮግራሙ ግን ማንበቡን አያቆምም። ጥገናው አንድ ቃል ነው፦ በቻር ፋንታ ሰፋ ያለ ቁጥር የሚይዘው «ኢንት»።

ሁለተኛው ምክንያት የባይት ቅደም ተከተል፣ ማለትም የአንድ ቁጥር ባይቶች በምን ተራ እንደሚቀመጡ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሃያ አንድ» ሲል የአሥር ቤቱን ያስቀድማል፤ ዐረብኛ ተናጋሪ «አንድና ሃያ» ይላል። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው። ኢንቴል ትንሹን ባይት ሲያስቀድም የአይቢኤም ሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተር) ትልቁን ያስቀድማል። አንዱ በአራት ባይት የጻፈውን 1 ሌላው እንዳለ ቢያነበው 16,777,216 ይሆንበታል። ትልቁን ባይት የሚያስቀድመው የሚፕስ ፕሮሰሰር ዓይነት በ2021 ከተወገደ በኋላ በደቢያን ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ የቀረው የሜይንፍሬሙ ኤስ390ኤክስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቁጥሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። አራት ባይት የሚይዝ ቁጥር ለአራት በማይካፈል የማህደረ ትውስታ አድራሻ ላይ ሲነበብ ኢንቴል በዝምታ ያልፈዋል፤ በስፓርክ ላይ ግን ፕሮግራሙ እዚያው ይሞታል።

የደቢያን ፓኬጆች (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች) ለየፕሮሰሰሩ በተመደቡ ማሽኖች ላይ በራስ ሰር ይገነባሉ፤ ግንባታው ሲከሽፍ ስህተቱ ይመዘገባል። በመጋቢት 2005 ቫንኩቨር ላይ ከተደረገ ስብሰባ በኋላ ይፋዊው ዕትም ወደ አራት ዓይነት ገደማ እንዲቀነስ ሐሳብ ቀረበ። 3.1 ከ3.0 በኋላ ሦስት ዓመት ያህል የቆየው በዓይነቱ ብዛት ነው የሚሉ ነበሩ፤ ይህ እስካሁን ያከራክራል። ብርቅ በሆነ ማሽን ላይ የተገኘ ስህተት ብዙ ጊዜ በሌሎቹም ውስጥ ተደብቆ የኖረ እንደሆነ ግን አያጠያይቅም፤ ጥቅሙ ከድካሙ ይበልጣል። የ2007ቱ 4.0 ዕትምም እንደገና በ11 ዓይነት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልፋ፣ ስፓርክ፣ ፓወርፒሲና ሚፕስ ተራ በተራ ከይፋዊው ዝርዝር ወጥተዋል፤ 64 ቢት አርምና ሪስክ ፋይቭ ገብተዋል። በ2021 «ክሪፕቶግራፊ» የተባለው የፓይተን ቋንቋ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) የረስት ቋንቋን መጠየቅ ሲጀምር፣ ረስት ያልደረሰላቸው እንደ አልፋ ያሉ ማሽኖች አዲሱን ዕትም መገንባት አልቻሉም።

በነሐሴ 2025 በወጣው 13ኛው ዕትም ደቢያን የተወለደበት ባለ 32 ቢቱ የኢንቴል ዓይነት ራሱ ከርነልም መጫኛም አጥቷል። አሁን የሚያገለግለው በዋናነት የቆዩ ፕሮግራሞችን በ64 ቢት ማሽን ላይ ለማስኬድ ነው። ባለ 32 ቢቱ አርም ጊዜን በ64 ቢት ወደ መቁጠር ሲሸጋገር ይህ የኢንቴል ዓይነት ግን በአሮጌው ባለ 32 ቢት ቆጠራ እንዲቆይ ተደርጓል፤ ቢቀየር ኖሮ ምንጭ ኮዳቸው የማይገኝ የቆዩ ፕሮግራሞች ይሰበሩ ነበር። ያ ቆጠራ ጥር 19 ቀን 2038 ያበቃል።