እንቁላሉ የሚሄደው መቼ ነው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»

ይህን ምሳሌ ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጅ ፊደል ሲከብደው፣ ጎጆ የወጡ ጥንዶች ለቤት ዕቃ ሲጨነቁ፣ ዕቁብ የገባ ሰው ተራው ሲርቅበት፣ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። የተለመደው ፍቺው ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ የማይሆን የሚመስለው ነገር ጊዜውን ጠብቆ ይሆናል። ፍቺው ልክ ነው። እኔን ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ያሳሳተኝም ይኸው ልክ የሆነው ፍቺ ነው።

በሶ አሽጌ ለመሸጥ ተነሥቼ ነበር። ገብሱ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ አልቋል፤ የቀረው ከረጢቱ ብቻ ነበር። ከረጢቱ ላይ የገብስ ዛላ እንዲሳልልኝ ፈለግሁ። ሠዓሊው የመጀመሪያውን ሲያመጣ ዛላው ቀጠነብኝ፤ ሁለተኛው ስንዴ መሰለኝ፤ ሦስተኛው ላይ «ሶ» ከ«በ» ዝቅ ብላ ታየችኝ። ሰባተኛው ላይ ቀለሙን በሙሉ ቀየርን። «መቼ ነው የምትጀምረው?» ለሚለኝ ሁሉ እንቁላሉን እጠቅስለት ነበር። አሥራ አንደኛው ንድፍ ሲደርስ ጓዳ የተቀመጠው በሶ ነቅዞ ጠበቀኝ።

ያን ዕለት ስለ ምሳሌው ደግሜ ለማሰብ ተገደድሁ። ማን እንደተናገረው አይታወቅም፤ የመጣው ግን ከጓሮ ነው። ዶሮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው መነሻውን በዐይኑ አይቶታል። አክስቴ ዶሮ የምታስታቅፈው በተሰበረ እንስራ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ነበር። ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ለሚያያት ሥራ ፈት ትመስላለች፤ ነገር ግን በቀን ደጋግማ እንቁላሎቹን በአፏ ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጡ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ቀኑ ሲደርስ ጫጩቷ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል ያለውን የአየር ኪስ ቀድዳ የመጀመሪያ ትንፋሿን ትስባለች። ከዚያ በኋላ አፏ ላይ በበቀለች ትንሽ ስል ጉጥ ቅርፊቱን ትበሳለች። ጉጧ ለዚህ አንድ ሥራ የተሰጠች ናት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ትረግፋለች። ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ አንሥቶ እስክትወጣ ድረስ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጃል።

የምትወጣውን ደግሞ ማየት ነው! ሥዕል ላይ የለመድናት ቢጫ ጥጥ የመሰለች ጫጩት የለችም። የራሰች፣ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቃታት፣ ተንገዳግዳ የምትወድቅ ነገር ናት። የምትደርቀውም፣ እግሯ የሚጸናውም ከቅርፊቱ ከወጣች በኋላ ነው።

ምሳሌውን ቃል በቃል ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። «ጫጩት በእግሯ ትሄዳለች» አላለም፤ ይህማ ምን ይደንቃል። የሚሄደው ራሱ እንቁላሉ ነው። ድቡልቡሉም፣ የራሰችውም፣ ጓሮ የምትጭረውም በምሳሌው ዐይን አንድ ነገር ናቸው። እኔ «ቀስ በቀስ»ን «ቆይ» ብዬ ተረጎምሁት፤ እንቁላሉን ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ላባ ላለብሰው ፈለግሁ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጫጩት ስትታገል አሳዝናኝ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥሁላት። ሽፋኑ ላይ ያለው የደም ሥር ገና አልደረቀም ነበርና ደማች፤ አልተረፈችም። ያልደረሰ በሶ ለሰው ማብላትም እንደዚያው ነው፤ ያልበሰለ ገብስ ሆድ ይነፋል። የእኔ በሶ ግን ደርሶ ነበር። ያልደረሰው የከረጢቱ ሥዕል ነው።

ዶሮዋ ደግሞ ሁሉም እስኪፈለፈሉ አትጠብቅም። ጫጩት የአስኳሉን ቅሪት በሆዷ ይዛ ስለምትወጣ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ መቆየት ትችላለች፤ እናቲቱ ለዘገዩት የምትታገሠው በዚያ ስንቅ ልክ ነው። ከዚያ የወጡትን አስከትላ ትነሣለች። አንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትታ ስትሄድ አለቀስሁ። አክስቴ አንዱን አንሥታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው፤ ተንቦጫቦጨ። «ይሄ ከርሞም አይወጣ ልጄ» ብላ ከአጥር ማዶ ወረወረችው። ሽታው እስከ ማታ ነበረ።

ለጥቃቅን ነገር በመጨነቅ ስሙ የሚነሣው አፕል እንኳ በፈረንጆች 2007 የመጀመሪያውን አይፎን ለገበያ ሲያወጣ ስልኩ ቪዲዮ አይቀርጽም፣ ጽሑፍም ቀድቶ አይለጥፍም ነበር። መቅዳትና መለጠፍ የመጣው በ2009 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ያለዚያ ገዛው፣ አጉረመረመበት፣ ተጠቀመበት።

አዲስ በሶ አስፈጭቼ አሥራ አንደኛውን ንድፍ ሳይሆን እጄ ላይ ቀድሞ የታተመውን አራተኛውን አለበስኩት። ሃያ ከረጢት ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረቦች ሰጠሁ። ስለ ዛላው ማንም ትንፍሽ አላለም። ስድስት ሰው ግን አንድ ዓይነት ስሞታ አመጣ፤ ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፣ በሶውም ይበተናል። በዓመት ከአራት ወር ውስጥ ይህ አንድም ቀን አልታሰበኝም፤ ከረጢቱን ከፍቶ የበላበት ሰው አልነበረማ። አሁን አፉ ላይ ተጫን ሲሉት የሚገጥም መዝጊያ አለው።

ዛላው እስከ ዛሬ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነው። አንዲት ደንበኛ ብቻ አንሥታ አየችውና «ነፋስ የመታው ገብስ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ሁለት ከረጢት ገዝታ ሄደች።