የአልኪን ሁለተኛዋ ቦንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። አልኬን፣ አልኪን፣ አልካይን ክፍል ውስጥ በፍጥነት ሲጠሩ ጆሮ ላይ አንድ ይሆናሉ። ሦስቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ውህዶች ናቸው። በካርቦኖቹ መካከል ያለው ቦንድ (አተሞቹን የሚያያይዘው ትስስር) ሁሉ ነጠላ ከሆነ አልኬን ነው። ድርብ ቦንድ ካለው አልኪን፣ ሦስትዮሽ ካለው አልካይን ይባላል። እዚህ የማወራው ስለ መሃለኛው ነው። ተማሪ ሳስጠና ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ፤ ገበያና ኩሽና ውስጥ የሚወሩም አሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት ያችን ሁለተኛ ቦንድ በደንብ ካለማወቅ ነው።

«ድርብ ቦንድ ድርብ ጥንካሬ ነው፤ ስለዚህ አልኪን በቀላሉ አይነካም»

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ገመድም ሲደረብ ይጠነክራል። ግን ቁጥሩን እንየው። ነጠላውን የካርቦን ለካርቦን ቦንድ ለመበጠስ በሞል 347 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ድርቡን ለመበጠስ ደግሞ 614 ገደማ። እጥፍ ቢሆን ኖሮ 694 መሆን ነበረበት። ሁለተኛዋ የጨመረችው 267 ብቻ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ አቀማመጧ ነው። የመጀመሪያዋ፣ ሲግማ የምትባለው፣ በሁለቱ ካርቦኖች መሃል ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ሁለተኛዋ፣ ፓይ፣ ከላይና ከታች ተነጥፋ ነው ያለችው። ኤሌክትሮኖቿ ለውጭ የተጋለጡ ናቸው። ኤሌክትሮን የሚፈልግ ነገር ሲጠጋ ቶሎ ትከፈትለታለች። ስለዚህ ድርቡ ቦንድ በጠቅላላ ከነጠላው ቢጠነክርም፣ ከአልኬን ይልቅ ለሪአክሽን የሚፈጥነው አልኪን ነው። ይህ የገባው ተማሪ የቀረውን ምዕራፍ በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

«ሃይድሮጅኑ የካርቦኑ እጥፍ ከሆነ አልኪን ነው»

የግድ አይደለም። ሄክሲንም ሳይክሎሄክሴንም 6 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን አላቸው። ሳይክሎሄክሴን ግን ቀለበት ሠርቶ ነው እንጂ ድርብ ቦንድ የለውም። ብሮሚን ውሃ ጠብ አድርጎ መነቅነቅ ይለያቸዋል። ሄክሲኑ ብርቱካናማውን ቀለም ወዲያው ያጠፋዋል። ሳይክሎሄክሴኑ ብርሃን እስካልመታው ድረስ ቀለሙን ወደ ራሱ ይስበዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ላለው ይጨመርለታል»

ይህች የማርኮቭኒኮቭ ሕግ ማስታወሻ ናት። ፕሮፒን (3 ካርቦን ያላት አልኪን) ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሲጨመር፣ ሃይድሮጅኑ ቀድሞም ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። ለማስታወስ ጥሩ ናት፣ ምክንያት ግን አይደለችም። ፓይ ቦንዷ ሃይድሮጅኑን ስትይዝ ሌላኛው ካርቦን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀራል። ያ ቻርጅ መሃል ላይ ቢያርፍ ግራና ቀኝ ያሉት ካርቦኖች ይደግፉታል። ጫፍ ላይ ቢያርፍ ግን ደጋፊው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቻርጁ መሃሉን ይመርጣል፣ ብሮሚኑም እሱን ተከትሎ ይገባል። ፔሮክሳይድ (ሁለት ኦክስጅን በደካማ ቦንድ የተያያዙበት ውህድ) ካለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኬሚስቶቹ ካራሽና ማዮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል። ያኔ ቀድሞ የሚገባው የብሮሚን ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን የያዘ የብሮሚን አተም ነው። መገልበጡ የሚሠራው ለሃይድሮጅን ብሮማይድ ነው፤ ለክሎራይዱ አይሠራም።

«ካርባይድ ኢትሊን ስለሚለቅ ፍሬ ያበስላል»

ይሄኛው ከፈተና ስህተት ያለፈ ስለሆነ ያሳስበኛል። ኢትሊን ትንሿ አልኪን ናት፣ 2 ካርቦን ብቻ። ተክሎች ራሳቸው የሚሠሯት የመብሰያ ሆርሞን ናት። ጥሬ አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ቢቋጠር ቶሎ የሚለሰልሰው በእሷ ነው። በአገራችን ሙዝ ማብሰያ ቤቶች በሩን ዘግቶ ላምባ ማንደድ የተለመደ ነው። ሙዙን የሚያበስለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። በደንብ ካልነደደው ላምባ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ኢትሊን አለ።

ካርባይድ ግን ሌላ ነው። በየብየዳ ቤቱ እንደምናየው፣ ውሃ ሲነካው የሚወጣው አሴትሊን ነው፤ አሴትሊን ደግሞ አልካይን ነው። የኢትሊንን ሥራ በደካማው ያስመስላል፣ ፍሬውም ላይ ላዩን ቢጫ ሆኖ ውስጡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ገበያ ላይ ያለው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፎረስ ቆሻሻ ሊኖረው ይችላል። ህንድን ጨምሮ ፍሬ በካርባይድ ማብሰል የከለከሉ አገሮች አሉ። ስለዚህ «ተፈጥሯዊው ጋዝ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

«የሚረጋ ዘይት ሁሉ ሃይድሮጅን የተጨመረበት ነው»

ፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ሲገኝ «አንድ ነገር ጨምረውበታል» ይባላል። ፓልም ግን በተፈጥሮው ግማሽ ያህሉ ድርብ ቦንድ የሌለው ቅባት ነው። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ተደራርበው ይረጋሉ። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌይክ የሚባል የቅባት አሲድ ነው። ፓይ ቦንዷ መዞር ስለምትከለክል፣ ሲስ የሆነው፣ ማለትም ከድርብ ቦንዱ ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎቹ በአንድ ወገን የሆኑት ሰንሰለት እንደታጠፈ ይቀራል። የታጠፈ እንጨት አይደረደርም፤ ዘይቱም ፈሳሽ ይሆናል። ያው ኑግ ዘይት የጠርሙሱ አፍ ላይ ሲቆይ ሙጫ የሚመስለው ደግሞ ኦክስጅን በእነዚሁ ድርብ ቦንዶች አጠገብ ገብቶ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ነው።

ሃይድሮጅን በከፊል ሲጨመር ግን ከቀሩት ድርብ ቦንዶች አንዳንዶቹ ከሲስ ወደ ትራንስ (ክፍሎቹ በተቃራኒ ወገን ሆነው ሰንሰለቱ ቀጥ ወደሚልበት) ይቀየራሉ። ሲስ የሆነው ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ትራንሱ ወደ 45 ይጠጋል። ለልብ ጎጂ የሆነው ትራንስ ፋት በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ በዓይን የሚታየው መርጋት አይነግራችሁም። ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ካለ እሱን ተዉት።

«ፌስታል ፖሊኢትሊን ስለሆነ አልኪን ነው»

ስሙ የመጣው ከተሠራበት ነው። ኢትሊኖቹ ሲያያዙ እያንዳንዷ ፓይ ቦንድ ተከፍታ ጎረቤቷን ትይዛለች። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ረጅም የነጠላ ቦንድ ሰንሰለት ነው፣ ማለትም አልኬን። ፌስታል ቆርጣችሁ ብሮሚን ውሃ ውስጥ ብትከቱት ብርቱካናማው ቀለም እንዳለ ይቆያል።