ጅማ ላይ ኮከብ ማስጎብኘት፦ የሚባለውና እውነታው

ጅማ የመጣ እንግዳ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ዙሪያው ባሉት ወረዳዎች ማታ ሰማዩን እናሳየው ሲባል ግን የሚሰሙት መልሶች ያው ናቸው።

«ገጠር ድሮም ጨለማ ነው፤ ምን የብርሃን ብክለት አለበት?»

አለበት። ወደ ላይ የቀና አንድ ፓውዛ የሰፈሩን ሰማይ ያደበዝዛል። ቡና አገር ላይ ደግሞ ይብሳል። እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ማታ ስለሚፈለፈል ማጠቢያ ጣቢያዎች አምሽተው ይሠራሉ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰማዩ መጥራት በሚጀምርበት ወቅት ነው! ጣቢያው ይጨልም አይባልም። ፓውዛው ወደ መፈልፈያው ቢያጎነብስና ከላዩ ቆርቆሮ ቢደረግለት ሠራተኛውም የተሻለ ያያል።

«መብራት ቀንሱ ማለት ወደ ኩራዝ ተመለሱ ነው። ሌባስ?»

ዓይን ላይ የሚያበራ ፓውዛ ከጀርባው ያለውን ሰው ይሸፍናል፤ ለሌባ ከዚህ በላይ ምን ይመቸዋል? መሬቱን የሚያበራ ይሻላል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኬልቪኑን፣ ማለትም የብርሃኑን ቀለም መለኪያ ቁጥር፣ እዩ። 3,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቢጫማ ነው። ነጩ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚበዛበት አየር ላይ ይበልጥ ይበተናል።

«ያለ ቴሌስኮፕ ምን ይታያል?»

ብዙ ነገር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መታገሥ ነው። መሃል ላይ ስልኩን ያወጣ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ሰማይ የትም አንድ ነው»

አይደለም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ8 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ናት። ስለዚህ ተራራ ካልጋረደ የሰሜን ኮከብም፣ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብም ይታያሉ። አውሮፓዊ የደቡብ መስቀልን አገሩ ላይ አያገኘውም። ክረምት ላይ ግን እንግዳ አትጥሩ፤ የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ይመረጣል። ያኔ የደቡብ መስቀልን የፈለገ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል።

«ኮከብ እንጀራ አይሆንም»

ኮከብ ሊያይ የመጣ ሰው ማደሩ አይቀርም። እራት፣ አልጋ፣ የማለዳ ቡና ይፈልጋል። የናሚቢያው ናሚብራንድ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጨለማ ሰማዩ ዓለም አቀፍ እውቅና አግኝቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ አንድ ሎጅ ውስጥ ከቀረ መንደሩ ለምን ብሎ መብራቱን ያስተካክላል? አስጎብኚው የቀበሌው ወጣት፣ ማደሪያው የገበሬው ቤት ይሁን። የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ ላይ የሚለጠፍ ቀይ ላስቲክ ነው፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደን ዓይን ብዙም አይረብሽም።