ጓሮው ገና አልረፈደበትም፦ ስለ ጸደይ ተከላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሜይ ሲገባ ብዙ ሰው ይጨንቀዋል። ሥራ በዝቶበት፣ ልጅ ታሞበት ወይም ዝናቡ አላስቆፍር ብሎት ጓሮውን ያልነካ ሁሉ የጎረቤቱን የተስተካከለ መደብ በአጥር ላይ እያየ «ዘንድሮስ አለፈኝ» ይላል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስንገናኝ ይህንኑ እሰማለሁ። የሚቸኩል ሰው ደግሞ ያገኘውን ምክር ሁሉ ይቀበላል፤ ከምክሮቹም ብዙዎቹ ስህተት ናቸው። እኔም አምኜባቸው ነበር።

«እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያልተከለ ዓመቱ አመለጠው»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ለአተር፣ ለሰላጣ እና ለስፒናች ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቅዝቃዜ ስለሚስማማቸው በማርች ይዘራሉ፤ ሰላጣና ስፒናች ሙቀቱ ሲበረታ ቶሎ አብበው ይመርራሉ። ቃሪያ፣ ቲማቲም እና በሶብላ ግን የሙቀት ልጆች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የመጨረሻው ውርጭ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን አንዳንድ ዓመት ሜይንም ይነካል። ውርጩ ቢቀር እንኳ አፈሩ መሞቅ አለበት፤ ለቲማቲም 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለቃሪያ 18 ገደማ። ከዚያ በታች ችግኙ ባይሞትም ሥሩ አይንቀሳቀስም። በሶብላማ ከ10 ዲግሪ በታች በወረደ ሌሊት ቅጠሉ ጠቁሮ ያድራል።

አንድ ዓመት በመስኮት ሥር ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያሳደግኋቸውን የቃሪያ ችግኞች በኤፕሪል መጀመሪያ አወጣኋቸው። ውርጭ አልነካቸውም፤ ሦስት ሳምንት ግን ቢጫ ሆነው ባሉበት ቆሙ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት «ልጄ፣ ምድሩ ገና ብርድ አለበት» ብለውኝ ነበር። እርሳቸው የተከሉት በሜይ አጋማሽ፣ የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሐምሌ ሲገባ ቃሪያ የለቀሙት ግን እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ገና አበባ እጠብቅ ነበር። ስለዚህ በሜይ መጨረሻ ጓሮዎን የሚጀምሩ ከሆነ ዘር በመዝራት ጊዜ አያጥፉ፤ የደረሰ ችግኝ ገዝተው ይትከሉ።

«ሸክላ አፈር አሸዋ ሲጨመርበት ይለሰልሳል»

የዚህ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላ ነው። ሲዘንብ እንደ ሊጥ ከጫማ ጋር ይነሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ዶማ ይመልሳል። ጥቂት ከረጢት አሸዋ ይበቃዋል የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የሸክላው ቅንጣት በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ የሚገኘው ከበፊቱ የባሰ ድርቅ ያለ አፈር ነው። የአፈሩን ጠባይ ለመለወጥ ከግማሹ በላይ አሸዋ መሆን አለበት፤ ያን ያህል አሸዋ ማንም አያመጣም። ሸክላን የሚያለሰልሰው ብስባሽ ነው፦ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ በየዓመቱ ከላይ እየተነሰነሰ፣ ለምድር ትልም እየተተወ።

ሌላው ከችኮላ የሚመጣ ጥፋት ርጥብ ሸክላ መቆፈር ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ርጥብ አፈር ረግጦ ማቡካት ግድግዳ ለመመረግ እንጂ ዘር ለማብቀል አይሆንም። ከመቆፈርዎ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ያድበልብሉት። በአውራ ጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ደርሷል። ድቡልቡሉ የጣትዎን አሻራ ይዞ ከቀረ አካፋውን መልሰው ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡ።

«ከወጥ ቤት የሚወጣ ሁሉ ማዳበሪያ ነው»

የቡና አተላ አፈርን ያኮመጥጣል ይባላል። ተፈልቶ ያለቀ ቡና ግን አብዛኛውን አሲዱን ለውኃው ሰጥቷል። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ በቀን ሦስቴ ቡና የሚፈላበት ቤት አተላውን አንድ ቦታ ሲከምር ውኃ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሠራል፣ ትንንሽ ችግኞችንም ያቀጭጫል። ከደረቅ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ወደ ብስባሹ ክምር ይግባ።

አመድ በአንጻሩ የአፈርን ኮምጣጣነት በእርግጥ ይቀንሳል፤ የአካባቢው አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነም በልኩ ለአትክልት ይጠቅማል። ልኩን የሚያሳውቀው ግን የአፈር ምርመራ ነው። ኮምጣጣ አፈር በሚወደው ብሉቤሪ ሥር አመድ መድፋት ተክሉን ማስራብ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም የፍሬው ግርጌ የሚጠቁርበትን ቲማቲም አያድንም፤ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ችግሩም በአብዛኛው አንድ ቀን ጎርፍ፣ አንድ ሳምንት ድርቅ የሆነ ውኃ አጠጣጥ ነው።

«ቀትር ላይ ውኃ ማጠጣት ቅጠል ያቃጥላል»

አያቃጥልም። ብዙው ስለሚተን ብቻ ጠዋት ይመረጣል፤ የጠወለገ ተክል ግን እስከ ነገ አይጠብቅም።

«በአካፋ ለሚቆፈር ጉድጓድ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም»

አጥር ወይም የዶሮ ቤት ለማቆም አራት ጉድጓድ ብቻ ነው ብለው አይናቁት። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር አንዳንዴ በጣም ቅርብ ነው። የተቀበሩ መስመሮች የት እንዳሉ ወደሚጠየቅበት የስልክ ቁጥር 811 ከጥቂት ቀናት በፊት ይደውሉ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው። መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምሩልዎታል፦ ቢጫ ለጋዝ፣ ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊ ለመጠጥ ውኃ። እርስዎ ራስዎ ያስቀበሩትን ገመድ ግን አያሰምሩልዎትም።

መደቡን ከአሮጌ በረንዳ በወጣ ጣውላ ለመሥራት ላሰበም አንድ ነገር ልናገር። ከ2004 በፊት ለቤት ሥራ ይሸጥ የነበረው በኬሚካል የታከመ ጣውላ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነበረበት፤ ጎመን አይተከልበትም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሥርም እንዲሁ ሳይመረመር አትክልት አይትከሉ፤ ከቀለሙ የረገፈ እርሳስ (መርዛማው ብረት) አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ልጆች የሚበሉት ስለሆነ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

«ጎመን የጸደይ ነው፤ አሁን አልፏል»

ጎመን በዓመት ሁለት ጊዜ ይተከላል። በጁላይ የመጀመሪያ ሳምንታት ዘሩን ጥላ ባለበት ቦታ አፍልተው በኦገስት ወደ መደቡ ያዛውሩት፤ ከጎመን ትል ለመጠበቅ በስስ መረብ ይሸፍኑት። ለመስቀል የመጀመሪያው ቅጠል ይደርሳል። ውርጭ ሲነካው ደግሞ ስኳሩ ስለሚጨምር በኖቬምበር የሚቀነጠሰው ከጸደዩ ይልቅ ይጣፍጣል።